የባሕር ፈረስና የጉማራ ዓሣ
ለሕፃናት ስለ ውኃ ሕይወት በሚቀርቡ የኪነጥበብ ሥራዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ለሕፃናት የሚቀርብ ኪነጥበብ ከማናቸውም የኪነጥበብ ዘርፍ ይልቅ ኃላፊነት የሚጠይቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጎልማሳ አንባቢ የቀረበለትን ሥራ ከኑሮ ልምዱ ጋር እያመሳከረ የሚቀበለውን ይቀበላል፣ የማይቀበለውን ይጥላል። ሕፃን ግን ስለ አንድ ነገር የመጀመሪያውን ምስል በአእምሮው የሚቀርጸው ብዙውን ጊዜ ከዚያው ከቀረበለት ተረት፣ ዘፈን ወይም ሥዕል ነው። ያ የመጀመሪያ ምስል የተዛባ እንደሆነ በኋላ የሚመጣው ትምህርት ማቃናት እንጂ ማስተማር አይሆንም። ይህ ጽሑፍ በዚህ መመዘኛ አንድ ውሱን ጉዳይ ይመረምራል። በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ ለሚያድጉ ሕፃናት ስለ ውኃ ውስጥ ሕይወትና ስለ መኖሪያው መጠበቅ በኪነጥበብ አማካይነት ምን እንነግራቸዋለን? እንዴትስ እንነግራቸዋለን?

ጥያቄው ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስለው ይችላል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች፣ ገብስና ድንች በሚመረትበት አገር መካከል ያለች፣ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ የሚጎራበታት የደጋ ከተማ ናት። አገሪቱም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ታዲያ ለፋርጣ ልጅ ስለ ዓሣ መንገር ምን አስፈለገ? መልሱ አጭር ነው። በዓለም ላይ ከጣና በስተቀር ሌላ መኖሪያ ከሌላቸው ዓሦች መካከል ብዙዎቹ የሚፈለፈሉት በሐይቁ ውስጥ ሳይሆን ወደ ሐይቁ በሚገቡት ወንዞች ውስጥ ነው። ከእነዚህም ወንዞች ጉማራና ርብ የሚነሡት ከጉና ነው። ስለዚህ የደጋው ልጅ ስለ ዓሣ ማወቁ ትርፍ እውቀት አይደለም፤ የገዛ ቀዬው ጉዳይ ነው።

ሩቁ ባሕር የሚያስተምረን

ስለ ባሕር ሕይወት መጠበቅ ለሕፃናት የሚያስተምሩ የውጭ አገር መጻሕፍትና ፊልሞች ደጋግመው ከሚያነሧቸው ፍጥረታት አንዱ የባሕር ፈረስ ነው። ይህ ራሱ የፈረስ፣ ጅራቱ የተጠቀለለ ክር የሚመስል ትንሽ ዓሣ ነው። የእኛ አገር ሕፃን ስሙን በሰማ ጊዜ ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም። በአማርኛችን ባሕር ማለት ጨው ያለበት ውቅያኖስ ብቻ አይደለም። ጣናን የከበበው ሕዝብ ሐይቁን ባሕር ይለዋል፤ የባሕር ዳር ከተማ ስም ለዚህ ምስክር ነው። ከባሕር ማዶ የመጣውንም ዛፍ ባሕር ዛፍ ብለን ከየደጃችን ተክለነዋል። የባሕር ፈረስ የሚለውን ስም የሚሰማ የፎገራ ልጅ እንግዲህ ፈረስ ከጣና ሲወጣ ቢታየው አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ በባሕር ፈረስ ዙሪያ የተሠሩት የተሻሉ ሥራዎች የተሳካላቸው በእንስሳው ውበት ብቻ አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል። የባሕር ፈረስ ዋና አያውቅም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ደካማ ዋናተኛ ነው። ሞገድ እንዳይወስደው ጅራቱን በባሕር ሣር ወይም በኮራል ላይ ጠምጥሞ ይኖራል። ዕንቁላሉን በከረጢቱ ተሸክሞ የሚወልደውም ወንዱ ነው። ሣሩ በመረብ ሲታጨድ ወይም ውኃው ሲደፈርስ ጅራቱ የሚይዘው ያጣል። በዚህ አንድ የአካል ክፍል ውስጥ ትምህርቱ ሁሉ ተጠቃሏል፤ ያዥውና መያዣው፣ ነዋሪውና ቤቱ በአንድ ሥዕል ይታያሉ። አስተማሪው ስለ ሥነ ምኅዳር ረጅም ማብራሪያ መስጠት አያስፈልገውም። ሕፃኑ ሣር የሌለበትን ባሕርና የሚይዘው ያጣውን ጅራት ሲያይ ነገሩ ይገባዋል።

ለዚህ ፍጥረት የተደረገው ጥበቃም ከዚሁ ግንዛቤ የተነሣ ነው። ደርቆ ለባህል መድኃኒትና ለጌጥ የሚሸጠው የባሕር ፈረስ ንግድ ቁጥጥር እንዲደረግበት የዓለም መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2002 ተስማሙ፤ ስምምነቱም በ2004 ሥራ ላይ ዋለ። ነገር ግን ንግዱን መቆጣጠር ብቻውን ቤት አይሠራም። በአውስትራሊያ በሲድኒ ወደብ እ.ኤ.አ. በ2020 በሰው እጅ ያደጉ ግልገል የባሕር ፈረሶች ሲለቀቁ፣ አስቀድሞ ከባሕሩ ወለል ላይ ከሽቦ የተሠሩ ቤቶች ተተክለውላቸው ነበር። በሽቦው ላይ የባሕር ዕፀዋት ይበቅሉበታል። ሽቦው በጊዜ ብዛት ዝጎ ሲፈርስ ዕፅዋቱ ይቀራሉ። መልሶ ማቋቋም ማለት የእንስሳውን ቁጥር ማብዛት ብቻ ሳይሆን ቤቱን መመለስ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ለማግኘት ያስቸግራል።

ርቀት በራሱ ጥፋት አይደለም

አንዳንድ ሐያስያን ከዚህ ተነሥተው «የሩቁን ትተን የቅርቡን ብቻ እናስተምር» ይላሉ። ይህ አስተያየት ቅን ቢሆንም ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ለአማርኛ ተናጋሪ ሕፃናት የቀረበችው የ«ፀሐይ መማር ትወዳለች» አሻንጉሊት ቀጭኔ ናት። ቀጭኔ ደጋ ላይ አይኖርም። ሆኖም ልጆች ወደዷት፤ ምክንያቱም ፀሐይ እንደ ልጅ ትጠይቃለች፣ ትሳሳታለች፣ ቤተሰብ አላት። ሕፃን ሩቅ አገር መሄድ አይፈራም። የሚያስቸግረው ሩቅ ደርሶ ቤት የሌለው ፍጥረት ማግኘት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውና በብዙ አገሮች የታየው «ኒሞን ፍለጋ» የተሰኘው ተንቀሳቃሽ የሥዕል ፊልም በዚህ ረገድ ሊጠና የሚገባው ሥራ ነው። ፊልሙ የሚጀምረው ባልና ሚስት ዓሦች ስለ አዲሱ ቤታቸው ሲነጋገሩ ነው። ወዲያውም እናቲቱና አንድ ሲቀር ዕንቁላሎቿ ሁሉ ይበላሉ። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ የዚህ ቤትና የዚህ ሐዘን ተከታይ ነው። በኒሞ ክፍል ከሚማሩት ልጆች አንዱ የባሕር ፈረስ ነው፤ ከዓሦቹ መካከል እንደ ጎረቤት እንጂ እንደ ብርቅ ዕቃ አይታይም። ከሁሉ በላይ ግን ደራሲዎቹ ያሳዩት ብስለት ጥፋተኛውን በቀረጹበት መንገድ ላይ ነው። ኒሞን ይዞ የወሰደው የጥርስ ሐኪም ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ዓሣውን ከሞት ያዳነው ይመስለዋል። ጥፋት በቅን ሰው እጅ ሊፈጸም እንደሚችል ለሕፃን መንገር ቀላል አይደለም፤ ይህ ሥራ ግን ያለ ስብከት ነግሮታል።

ስለዚህ መመዘኛችን የርቀትና የቅርበት ሊሆን አይገባም። መመዘኛው ሥራው ፍጥረቱን ከነቤቱ አቅርቧል ወይ? የቤቱንስ መፍረስና መጠገን በሚታይና በሚዳሰስ ነገር አሳይቷል ወይ? የሚል ነው። በዚህ ሚዛን ስንመዝን በእጃችን ያለው ታላቅ ርእሰ ጉዳይ ገና ከያኒ አላገኘም ለማለት ይቻላል። እርሱም የጣና ነጭ ዓሣ ነው።

ደጋ ላይ የሚወለደው ዓሣ

በገበያ ነጭ ዓሣ የሚባሉት፣ ባለሙያዎች ላቤዎባርበስ የሚሏቸው የጣና ዓሦች አንድ ዓይነት አይደሉም። 15 ያህሉ በጣና ብቻ የሚገኙ ናቸው። ከአንድ ዘር ተነሥተው በአንድ ሐይቅ ውስጥ በአፋቸው፣ በዐይናቸውና በአካላቸው ቅርፅ ተለያይተዋል። አንዱ ወፍራም ከንፈር፣ ሌላው ትልቅ ዐይን፣ ሌላው የሾለ አፍንጫ አለው። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ሆኖም ከጣናዎቹ ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ሆነዋል። ለሠዓሊም ሆነ ለተረት ነጋሪ ከዚህ የበለጠ የገጸ ባሕርያት ስብስብ ከየት ይመጣል?

ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት፣ ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ከዋናው ወንዝም ወደ ትናንሽ ጅረቶች ይገባሉ። የሚፈልጉት ጥርት ያለ፣ በፍጥነት የሚፈስ፣ ከሥሩ ንጹሕ ጠጠር ያለበት ውኃ ነው። ዕንቁላላቸውን በጠጠሩ መካከል ይጥላሉ። በጠጠሩ መካከል ውኃ እየተመላለሰ ዕንቁላሉን ያስተነፍሰዋል። ደለል መጥቶ የጠጠሩን ክፍተት ከደፈነው ግን ዕንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ለባሕር ፈረስ የባሕር ሣር ማለት ለነጭ ዓሣ ይህ ጠጠር ነው።

ዓሦቹ እስከ ደብረ ታቦር አይወጡም። ነገር ግን የሚገቡበትን ውኃ ጥራት የሚወስነው ከእነርሱ በላይ ያለው አገር ነው። የጉና ቁልቁለት ያለ እርከን ሲታረስ፣ የጅረት ዳር ሣር ከሥሩ ሲጋጥ፣ ከወንዝ ሆድ አሸዋና ጠጠር ለግንባታ ሲወጣ፣ የሚወርደው ደለል የዓሣውን መውለጃ ይደፍናል። ወንዝ በግድብ ሲገደብም የዓሣው መውጫ መንገድ ይቆረጣል፤ ለመስኖ ግድብ የተሠራበት የርብ ወንዝ ለዚህ በቅርብ የሚታይ ምሳሌ ነው። በሐይቁ በኩል ደግሞ በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ከገቡ ወዲህ፣ ዓሣው ለመውለድ በወንዝ አፍ ላይ በሚሰበሰብበት ወቅት በብዛት መጠመድ ጀመረ። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የተደረጉት ጥናቶች የነጭ ዓሣ ብዛት ከግማሽ በላይ መቀነሱን አሳይተዋል። በወንዝ ውስጥ የብርብራ ፍሬ እየተወቀጠ ተበትኖ ዓሣ የሚሰከርበት አሮጌ ልማድም የራሱን ጉዳት ያደርሳል፤ ምክንያቱም ብርብራ እናቲቱን ከግልገሉ አይለይም።

እነዚህን ፍሬ ነገሮች የዘረዘርነው የዓሣ ምርምር ለማስተማር አይደለም። ለዚያ በባሕር ዳር የዓሣና የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። የዘረዘርናቸው እያንዳንዳቸው የድርጊት፣ የቦታና የገጸ ባሕርይ ጥሬ ሀብት መሆናቸውን ለማመልከት ነው። ጉዞ አለ፤ የጉዞው ምክንያት መውለድ ነው፤ በመንገድ ላይ መረብ፣ ብርብራና ደለል አሉ፤ መድረሻው ንጹሕ ጠጠር ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነውም ልጁ ከብት በሚጠብቅበት ጅረት ውስጥ ነው።

በአነጋገራችን ውስጥ ያለው ዓሣ

ይህን ያህል ሀብት እያለ ሥራው ለምን አልተሠራም? ምክንያቱን በከፊል በቃል ሥነ ጽሑፋችን ውስጥ እናገኘዋለን። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እንላለን። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» እንላለን። በመጀመሪያው ዓሣ የሚጎረጎር ነው፤ በሁለተኛው የሞተና የሸተተ ነው። ሁለቱም ድንቅ ምሳሌዎች ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለ ሰው እንጂ ስለ ዓሣ አይደለም። በደጋው ተረት ጅብና አህያ ይከራከራሉ፣ ጦጣ ታታልላለች፣ አንበሳ ይፈርዳል። ዓሣ ግን አፍ አውጥቶ ሲናገር የምንሰማው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ሕዝቡ ያልኖረበትን ዓለም ተረት አላደረገውም፤ ይህም የሚወቀስበት አይደለም። ዛሬ ግን ዓሣው የት እንደሚወለድ ታውቋል። አዲስ እውቀት አዲስ ተረት ይፈልጋል።

አንድ አስገራሚ ነገር እዚህ ላይ መጠቀስ አለበት። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 በሳይንሳዊ መዝገብ ካሰፈራቸው የጣና ዓሦች አንዱ «ጎርጓሪ» የሚል ስም ይዟል። ቃሉ ከአገሬው አንደበት የተወሰደ መሆኑን ድምፁ ራሱ ይመሰክራል። ሌላው የጎርጎራን፣ ሌላውም ራሱን የጻናን ስም ይዟል። የዓለም ሳይንስ ስማችንን በመዝገቡ ውስጥ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲያቆይ፣ የእኛ የሕፃናት መጽሐፍ ሁሉንም «ዓሣ» ብሎ ማለፉ የሚያስቆጭ ነው። በምሳሌያችን ዓሣ ተጎርጓሪ ነው፤ በመዝገቡ ግን ዓሣው ራሱ ጎርጓሪ ነው። ለተረት ደራሲ ከዚህ የተሻለ መነሻ አይኖርም።

«ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ» የሚለውም አባባል እንዲሁ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጣናን ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የወረረው መጤ አረም ስሙ እምቦጭ መሆኑ ግጥምጥሞሽ ቢሆንም፣ ለልጆች የቃል ጨዋታ ያመቻል። ሕዝቡ በአረሙ ላይ በእጁ ዘምቶበታል፤ አረሙ ግን ተመልሶ በቅሏል። በውኃው ውስጥ ያለው ከእርሻና ከከተማ የሚገባ ማዳበሪያና ቆሻሻ እስካልቀነሰ ድረስ አረሙን መንቀል ውኃ እንደ መውቀጥ ነው። ይህን ምክንያትና ውጤት በአንድ አባባል ውስጥ መግለጥ የሚችል ቋንቋ ይዘን በመፈክር መናገራችን ድህነት ነው።

ሥዕሉና መዝሙሩ

በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የምናየው የዓሣ ሥዕል ባመዛኙ አንድ ነው። ከጎን የታየ፣ በነጭ መደብ ላይ የቆመ፣ አካሉ በቀስት የተመለከተና የክፍሎቹ ስም የተጻፈበት ዓሣ ነው። ለሥነ ሕይወት ትምህርት ይጠቅማል። ነገር ግን ዓሣው ከውኃ ወጥቶ በወረቀት ላይ የተሰቀለ ስለሆነ ሕፃኑ የሚያየው ነዋሪን ሳይሆን ሬሳን ነው።

የጎንደር ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ይህን ችግር በራሳቸው መንገድ ፈትተውታል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው የሚታዩበትን ሥዕል የማያውቅ የደብረ ታቦር ልጅ ጥቂት ነው። እዚህ ላይ የምንመለከተው የሃይማኖቱን ጉዳይ ሳይሆን የሥዕሉን አሠራር ነው። አውሬዎቹ ጌጥ አይደሉም፤ ከሰውየው ጋር አንድ ቦታ ይጋራሉ፣ ዐይናቸውም ወደ ተመልካቹ ነው። ሰውና አውሬ በአንድ መደብ ላይ ጎረቤት ሆነዋል። የዛሬው የሕፃናት መጽሐፍ ሠዓሊ ይህን አሠራር ወደ ውኃ ውስጥ ቢያወርደው፣ ከላይ እረኛውንና ከብቱን፣ ከሥር ጠጠሩንና ዓሣውን፣ በመካከል የውኃውን መስመር ቢያሳይ፣ ቅርፁ ለሕፃኑ ዐይን እንግዳ ሳይሆን ይዘቱ አዲስ ይሆናል።

መዝሙሩስ? የየትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበባት በሚያቀርቧቸው መዝሙሮችና ግጥሞች ላይ የሚታየው ዋና ጉድለት የትእዛዝ ብዛት ነው። ትከሉ፣ ጠብቁ፣ አትቁረጡ ይላሉ። ግሡ አለ፤ ስሙ የለም። የትኛው ዛፍ? የየትኛው ጅረት ዳር? ለማን መኖሪያ? ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲያስታውቅ ቁጥሩ የዜናው አርእስት ሆነ፤ ይህም ለዜና ተገቢ ነው። መዝሙር ግን የቁጥር መዝገብ አይደለም። ባሕር ዛፍና ወይራ በመዝገብ ላይ እኩል አንድ አንድ ሆነው ይቆጠራሉ፤ ለጅረቱና በውስጡ ላለው ሕይወት ግን አንድ አይደሉም። ልዩነቱን ለልጁ መንገር የከያኒው ድርሻ ነው።

ለዚህ የሚሆን መድረክ ደግሞ ደብረ ታቦር በስሟ ይዛዋለች። ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል፣ ሕዝቡ ቡሄ የሚለው፣ የልጆች በዓል ነው። ጅራፍ እያጮኹ፣ ከደጅ ደጅ እየዞሩ፣ አንዱ እያወጣ ሌሎቹ እየተቀበሉ የሚዘምሩበት ቀን ነው። ያ ቀን ነጭ ዓሣ በጉማራ ሽቅብ የሚወጣበት ወቅት መካከል ላይ ይውላል። የጥንቱን መዝሙር በአዲስ እንተካ ማለታችን አይደለም፤ እርሱ የሕዝብ ቅርስ ነው። ነገር ግን አውጪና ተቀባይ ያለበት፣ ቤቱንና ባለቤቱን በስም የሚጠራ የአዘማመር ስልት እንዴት ሕያው እንደሆነ የግጥም ደራሲዎቻችን ቢያጠኑ፣ የክበቡ መዝሙር ከትእዛዝ ወደ ጨዋታ በተሸጋገረ ነበር።

ጀግናና ጥፋተኛ

በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ለረጅም ጊዜ የሠሩት አሜሪካዊት የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ለሕፃናት በእንግሊዝኛ አንድ መጽሐፍ ጽፈዋል። ርእሱ በአማርኛ ሲመለስ ቤዛ የተባለች ጀግና የኢትዮጵያን ደን አንድ በአንድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳዳነች ይናገራል። የአካባቢያችን ደን የሕፃናት መጽሐፍ ርእስ መሆኑ የሚያስመሰግን ነው። ስለ ርእሱ ግን አንድ ጥያቄ እናነሣለን። ቤዛ በአማርኛ ስለ ሌላው ራሱን የሚሰጥ ማለት ነው፤ ከባድ ስም ነው። ደኑን ያዳነው ግን አንድ ቤዛ ነውን?

በእውነቱ የሆነውን ስናይ ታሪኩ የብዙ እጅ ታሪክ ነው። የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ባጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናት በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደኖች መርምረዋል። ደኖቹን ለዘመናት ያቆያቸው የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይና ምእመን ነው። በኋላም ከብት ችግኙን እንዳይበላው በየደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ሲካብ፣ ድንጋዩን ከማሳው እየለቀመ ያመጣው ገበሬው ነው። ማሳው ከድንጋይ ጠራለት፤ ደኑም ታጠረ። አንድ ሥራ ሁለት ቤት ሠራ። ይህን የመሰለ የጋራ ሥራ በአንድ ጀግና ስም ሲጠቃለል ለአተራረክ ይመቻል፤ ከልጁ ዐይን ግን የአባቱን እጅ ይሰውራል።

የጥፋተኛውም ነገር እንዲሁ ነው። ስለ አካባቢ ጥበቃ በሚቀርቡ ጭውውቶች ላይ መጥረቢያ የያዘ፣ የሚጮህና በመጨረሻ የሚታሰር ክፉ ሰው ማየት ተለምዷል። በጉና ቁልቁለት ላይ የሚያርሰው ሰው ግን ክፉ አይደለም፤ ሌላ መሬት የለውም። ብርብራ የሚወቅጠው ወጣት የአባቶቹን ልማድ ይከተላል። መረብ የሚጥለው ዓሣ አስጋሪ ልጆቹን ያበላል። በመድረክ ላይ እነዚህን ሰዎች ወንጀለኛ አድርጎ ማሳየት ልጁን ከገዛ ቤተሰቡ ጋር ማጣላት ነው፤ ልጁም ሁለቱን አማርጡት ቢባል አባቱን እንደሚመርጥ የታወቀ ነው። ቀደም ብለን የጠቀስነው የጥርስ ሐኪም ምሳሌ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። የተሻለ ተውኔት የሚያሳየው ቅን ሰው ሳያውቅ ያደረሰውን ጉዳት፣ ካወቀ በኋላም የሚገጥመውን የምርጫ ጭንቀት ነው።

ለሕፃን ሐዘን ይነገራልን?

ለሕፃናት ስለ ጥፋት መናገር ተገቢ አይደለም የሚሉ መምህራን አሉ። ስጋታቸው የሚናቅ አይደለም። ዕለት ዕለት ስለሚመጣው ጥፋት ብቻ የሚሰማ ልጅ ተስፋ ይቆርጣል። ይሁን እንጂ መፍትሔው ጥፋቱን መደበቅ አይደለም። በፊሊፒንስ ሚንዳናዎ ደሴት ላይ ላናዎ የተባለ ሐይቅ አለ። እንደ ጣና ሁሉ በእርሱ ብቻ የሚገኙ የነጭ ዓሣ ዘመዶች ነበሩት። ሌሎች ዓሦች ከውጭ ገብተው ወረሩት፤ አጥማጁም በዛ። እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከሐይቁና ከመውጫው 17 ብርቅዬ ዓሦች 15ቱ ፈጽመው መጥፋታቸውን፣ ሁለቱም ምናልባት ጠፍተው ሊሆን እንደሚችል አስታወቀ። ይህ ማለት በዓለም ላይ የዚህ ዓይነት የዓሣ ማኅበር በሕይወት የቀረው በጣና ነው ማለት ነው። የጉማራ ልጅ ይህን የማወቅ መብት አለው።

እንዴት ይነገረው? ከቤቱና ከሥራው ጋር አያይዞ ነው። ልጅ ሐዘንን የሚሸከመው የሚሠራው ነገር ሲኖረው ነው። ላናዎ ጠፋ፣ ጣና ግን አለ፤ ጠጠሩ ደፈነ፣ ካብ ግን ይካባል። ጥፋቱንና ጥገናውን በአንድ ታሪክ ውስጥ ያልያዘ ሥራ ወይ ያስፈራራል ወይ ያታልላል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው መደምደሚያ ግልጽ ነው። ችግራችን የባሕር ፈረስን ለደጋ ልጅ ማሳየታችን አይደለም። ችግራችን ከባሕር ፈረስ የተማርነውን ወደ ጉማራ አለማምጣታችን ነው። ጅራቱና ሣሩ የሚነግሩትን፣ ዕንቁላሉና ጠጠሩ ደግመው ሊነግሩት ይችሉ ነበር።

ስለዚህ ከያኒው ከጣና ዓሦች አንዱን መርጦ በስሙ ይጥራው፣ ቤቱንም ይሣልለት። የግጥም ደራሲው ከትእዛዝ ይቆጠብና ጅረቱን በስሙ ይጥራ። መምህሩ በክረምት መውጫ ልጆቹን ወደ ቅርቡ ጅረት ይውሰዳቸው፤ ድንጋይ አንሥተው ከሥሩ ጠጠር ወይም ደለል መኖሩን ራሳቸው ይዩ፣ ያዩትንም ይሣሉ። ካድሬውና የባህል ሠራተኛውም የትምህርት ቤት ሥራዎችን ሲመዝኑ የተዘመረውን መፈክር ሳይሆን የተጠራውን ቦታ፣ የታየውን ምክንያት፣ የተመሰገነውን የጋራ ሥራ ይጠይቁ።

ጊዜው ለዚህ የሚመች አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ወዲህ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ብዙ ልጆችንም ከገበታቸው አርቋል። ሆኖም ተረት ሕንፃ አይፈልግም። መዝሙር በር አይዘጋበትም። ክፍሉ በተዘጋበት ቀበሌ እንኳ እናት ለልጇ ማታ የምትነግረው ነገር አለ። ያ ነገር ስለ ጎርጓሪ፣ በክረምት ከባሕር ተነሥቶ ወደ ደጋ ስለሚወጣውና ንጹሕ ጠጠር ስለሚፈልገው ዓሣ ቢሆን፣ ልጁ በማግሥቱ ከብቱን ወደ ጅረት ሲነዳ ውኃውን በሌላ ዐይን ያያል። ደራሲዎቻችን ይህን ተረት ለእናቲቱ ገና አላቀበሏትም፤ ሊጽፉላት ይገባል።